ማግኔቱ ሩቅ ነው፤ ጉባኤው ግን ጉብሬ ሊመጣ ይችላል

ርዕሰ አንቀጽ

በሕያዋን ፍጥረታት ውስጥ የሚገኙትን ግዙፍ ሞለኪውሎች በኑክሊየር ማግኔቲክ ሬዞናንስ፣ ባጭሩ በኤን ኤም አር፣ የሚመረምሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1964 ቦስተን ላይ ከተሰበሰቡ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያደርጋሉ። በ2005 ሃይደራባድ፣ በ2016 ኪዮቶ፣ በ2018 ደብሊን፣ በ2024 ደግሞ ሴኡል ተቀምጠዋል። ይህ ከእኛ ከጉብሬ ተማሪዎች ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

የሃይድሮጅን አቶም እምብርት እንደ ትንሽ ማግኔት ያለ ነው። በብርቱ ማግኔት መካከል ገብቶ የሬዲዮ ሞገድ ሲነካው መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እንደ ጎረቤቶቹ ዓይነት ይለያያል። ብሎክና ፐርሰል ይህን እ.ኤ.አ. በ1946 አሳይተው በ1952 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በሆስፒታል ያለው ኤም አር አይም የዚሁ ዘር ነው። ሁለት ሃይድሮጅኖች እስከ ግማሽ ናኖሜትር ያህል ከተቀራረቡ ደግሞ አንዱ የሌላውን መኖር ይሰማል። በጀፎረ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች ማን የማንን ጥሪ ከደጁ ሆኖ እንደሚሰማ ብቻ ቢነገረን፣ መንደሩን ሳናይ የቤቶቹን አቀማመጥ በወረቀት ለመንደፍ እንችላለን። የፕሮቲንን ቅርጽ በኤን ኤም አር የሚያወጣው ሊቅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ጉባኤ ለምን ያስፈልጋል? ጽሑፉን አንብቦ ቤት መቀመጥ አይበቃምን? አይበቃም። ኩርት ቩትሪኽና ረዳቶቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ 57 አሚኖ አሲዶች ያሉትን አንድ ፕሮቲን በዚህ ዘዴ ቅርጹን አወጣን ሲሉ ብዙዎች አላመኑአቸውም። ቀድሞ በኤክስ ሬይ ከታወቀ ዘመዱ ቀድታችሁ ነው የሚሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሙኒክ ላይ ከተሰጠ ንግግር በኋላ በተነሣው ክርክር ሮበርት ሁበር አንድ ሐሳብ አቀረበ። ማንም ቅርጹን የማያውቀውን ፕሮቲን እኔ በኤክስ ሬይ፣ አንተ በኤን ኤም አር፣ ሳንነጋገር እንሥራው አለ። የተመረጠውም ቴንዳሚስታት የሚባለው፣ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን ነበር። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ደክመው ውጤቱ ሲገናኝ ገጠመ። ሁበር በ1988፣ ቩትሪኽ በ2002 ኖቤልን አገኙ። ጥርጣሬው በየቤቱ ሐሜት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዘዴው ስንት ዓመት በዘገየ ነበር! ፊት ለፊት ተነገረና ሥራ ሆነ።

በአገራችን ዘዴው እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ከወጡት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ 400 ሜጋኸርዝ በሆነው የብሩከር መሣሪያ የተነሣ ስፔክትረም ይዘዋል። ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜን የመሰሉ ሊቃውንት የአገራችንን ዕፀዋት ሲመረምሩ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ናፕሬካም የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ሲያገናኝ ቆይቷል። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ድካም ትኩረት ከቅጠልና ከሥር የሚወጡት ትናንሾቹ ሞለኪውሎች ናቸው። ፕሮቲኑና ስታርቹ ገና ብዙ ሠራተኛ ይጠብቃሉ።

የእኛ የተማሪዎቹ ነገር ግን ከዚህም ያነሰ ነው። ስፔክትረም የምናውቀው ፎቶ ኮፒ ከተደረገ ወረቀት ነው። ጫፎቹን ቆጥረን ለፈተና መልስ እንጽፋለን፤ ቱቦው ማግኔቱ ውስጥ ሲገባ ያየ ግን ከመካከላችን የለም። ይህን የምንለው መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱም ባላቸው ነው የሚያስተምሩን።

ማግኔት ይገዛልን ግን አንልም። መብራት ቢጠፋ ማግኔቱ ኃይሉን አያጣም፤ የሚገድለው የፈሳሽ ሂሊየም ማለቅ ነው። ሽቦው በ269 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቀመጥ አለበት። ናይትሮጅኑ በየሳምንቱ ገደማ፣ ሂሊየሙ በየጥቂት ወሩ ይሞላል፤ ሂሊየሙም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። (በ2016 እ.ኤ.አ. በታንዛንያ ሩክዋ ሂሊየም መገኘቱ ሲነገር ደስ ብሎን ነበር፤ ጉብሬ እስኪደርስ ግን ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ይሆን?) ሂሊየም የሌለው ማግኔት ውድ የብረት በርሜል ነው። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1983 በቦምቤይ በታታ የምርምር ተቋም ያደረጉትን ማየት ይሻላል፤ ለመላው አገር ተመራማሪ የሚያገለግል ብሔራዊ የኤን ኤም አር ማዕከል አቋቋሙ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ዓለም አቀፉ ጉባኤ ሃይደራባድ መቀመጡ ያለ ምክንያት አይመስለንም።

እኛም ወደ ጉባኤ የምንሄድበት የራሳችን ጥያቄ አለን። እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም አስታውቀዋል። ዛሬም የጉራጌ ገበሬ የታመመውን እንሰት ነቅሎ ከመቅበርና ቢላዋውን በእሳት ከመለብለብ በቀር መድኃኒት የለውም። ባክቴሪያው የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ተክሉ ሕዋስ እያስገባ መከላከያውን ያዳክማል። የነዚህ ፕሮቲኖች ቅርጽ ምንድን ነው? ከእንሰቱ ፕሮቲኖችስ የትኛውን ይይዛሉ? የቡላው ስታርች ከበቆሎው በምን ይለያል? ኤን ኤም አር ሊመልሳቸው የሚችል ጥያቄዎች ናቸው፤ ከጉብሬ ይልቅ ጠያቂ የሚሆን ቦታም አናውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በሚመጣው ሴሚስተር በግዙፍ ሞለኪውሎች ላይ የሁለት ቀን ጉባኤ በዚሁ በጉብሬ ይደረግ። ከአዲስ አበባ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ እንግዶቹም በመኝታ ክፍሎቻችን ቢያድሩ ቅር አይለንም። የመጀመሪያው ቀን የንግግርና የክርክር ይሁን፤ ተማሪም እጁን አውጥቶ የመጠየቅ መብት ይኑረው። እንሰት የሚተክሉ አባቶችና እናቶች ተጠርተው በሽታውን እንዴት እንደሚያውቁት ይንገሩን። በሁለተኛው ቀን በኮምፒዩተር ክፍል እንቀመጥ፤ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉ ክፍት የሆነው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቴንዳሚስታትንም ቅርጽ ከዚያ አውጥተን ማዞር እንችላለን። ከጉባኤው በኋላም በዓመት ጥቂት ናሙናዎች ከአንድ መምህርና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ማግኔት ወዳለበት የሚላኩበት መንገድ ከወዲሁ ይታሰብ።

የምትናገሩበትን ርዕስ ለመስጠት የምትፈቅዱ መምህራንና በዝግጅቱ ለመሥራት የምትሹ ተማሪዎች ስማችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ አስመዝግቡ። መዝገቡ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከማባዣው መኪና አጠገብ ተቀምጧል።