የማሽኑ ነጎድጓድ ከየት ይምጣ?

የድሬዳዋ ሰው ደመናን ሊንቅ አይገባውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ዶፉ የወረደው ከበላያችን ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ነበር፤ ደቻቱ ግን በሌሊት ሞልቶ መጥቶ የተኛውን ሕዝብ ጠራርጎ ወሰደው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ሩቅ ያለውን ደመና ያልለካ ሰው ደጁ ሲደርስ መለካት አይችልም።

ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ጎርፍ ሳይሆን ስለ አውሮፕላን ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ነጎድጓድ በበዛበት ሌሊት፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባሕር ገባ። 90 ሰዎች ሞቱ። የሊባኖስ መርማሪዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ አየር መንገዱ ይህን አልተቀበለም። እኛ ለመፍረድ አልተነሣንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አብራሪ እንዲህ ያለውን ሌሊት አስቀድሞ የት ይማረው?

ለትምህርት ተብሎ ሰው ወደ ዐውሎ አይላክም። ስለዚህ በሲሙሌተር ይማራል። ሲሙሌተር የአብራሪውን ክፍል አስመስሎ የተሠራ፣ በስድስት እግር ላይ ቆሞ የሚወዛወዝ ማሽን ነው። በውስጡ ያለው ዐውሎ ከሒሳብ የተሠራ ነው፤ ሒሳቡም ከልኬቱ የተሻለ ሊሆን አይችልም።

ሐምሌ 26 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ዳላስ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን ከነጎድጓድ ደመና በሚወርድ ነፋስ ተመትቶ 137 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለው ነፋስ መጀመሪያ ከፊት መጥቶ አውሮፕላኑን ያነሣዋል፤ ቀጥሎ ወደ ታች ይጫነዋል፤ በመጨረሻ ከኋላ መጥቶ ክንፉን ኀይል ያሳጣዋል። ሊቃውንት ከአውሮፕላኑ መዝጋቢ መሣሪያ ይህንን ነፋስ በቁጥር አወጡት፤ የሲሙሌተር ትምህርትም ሆነ። ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የፈረንሳይ አውሮፕላን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳለ የበረዶ ቅንጣት የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን ደፈነበት፤ 228 ሰዎች አለቁ። አብራሪዎቹ በዚያ ከፍታ፣ በስስ አየር፣ በእጅ ማብረርን አልተለማመዱም ነበር። ልምምዱ በየአገሩ የተጠናከረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ማሽኑ ከውጭ ተገዝቶ ይመጣል፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉን አይጠፉም። ዳላስ ሜዳ ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ሞተርም ክንፍም ይደክማሉ። ዙሪያውንም ተራራ አለ። ማሽን ይገዛል፤ የአገራችንን ዐውሎ ግን ለክቶ የሚሸጥልን የለም።

እርግጥ ነው፣ ማሽን የሞትን ፍርሃት አያስተምርም። ነገር ግን እጅ የለመደውን ነገር ፍርሃት ቶሎ አያስረሳውም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከተማችን የተቀመጠችው ደመናው በሚጠነሰስበት ተራራ ግርጌ ነው። የፊዚክስ ተማሪ ነፋሱንና ዝናቡን ይለካ፤ የሒሳብ ተማሪ ቀመሩን ያውጣ፤ የኮምፒዩተር ተማሪ በማሽን ላይ ያስነሣው። መምህራኖቻችንም ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሚሰጡን ርእስ መካከል ይህን አንዱን ያድርጉልን። ድስት ጥዶ ከማልቀስ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና።