የቆመ መኪናም ጎማ ይጨርሳል

በነቀምቴ፣ በባኬ ጃማም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ እንዲሁም በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ፣ ሸራ ለብሶ ለወራት ከግቢ የማይወጣ መኪና ማየት የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ የዘለቀው የጸጥታ ችግር ረጅም ጉዞን አስፈሪ አድርጎታል፤ ነዳጅ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ መኪናውን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖርም ጥቂት አይደለም። ሁሉም የሚጋሩት አንድ እምነት አለ፤ መኪና እስካልተነዳ ድረስ አይጎዳም የሚል። ለባትሪው የሚጨነቅ ሰው እንኳ ጎማውን ዞር ብሎ አያየውም፤ ጎማ የሚያልቀው በመንገድ ነው ብሎ ስለሚያምን። የእኔ ክርክር የዚህ ተቃራኒ ነው። ተመልካች አጥቶ መቆም ራሱ ጎማ ይጨርሳል። መከላከያው ደግሞ ንፋስና ትንሽ መግፋት ስለሆነ፣ ሳይደረግ የሚቀርበት በቂ ምክንያት የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ነው። አንድ ቶን የሚመዝን ትንሽ የቤት መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በግምት 250 ኪሎ ያሳርፋል። ጎማው 30 ፒኤስአይ ንፋስ ካለው ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ላይ ነው፤ ከአዋቂ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ንፋሱ በግማሽ ሲቀንስ ያ ቦታ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የጎማው ጎንም ይበልጥ ይታጠፋል። ምንም ያልተበሳ ደህና ጎማ እንኳ በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ንፋስ ያጣል። ሰኔ መግቢያ ላይ በ30 የቆመ መኪና ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለካ 24፣ ምናልባትም 18 ሊሆን ይችላል። በዓይን ሲታይ ግን ከታች ትንሽ ሰፋ ያለ ይመስላል እንጂ የተነፈሰ አይመስልም፤ ለዚህም ነው አላፊ አግዳሚው የማያስተውለው። ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የብረት ሽቦ፣ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር አለ። ላስቲኩና ክሩ ለወራት ሳይነቃነቁ በተጫኑበት ቅርጽ ይጸናሉ፤ ክብ የነበረው ጎማ አንድ ጠፍጣፋ ጎን ያወጣል። የወለጋ ክረምት ረጅምና ብርቱ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀይ አፈር ላይ የቆመ መኪና ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቸርኬውም ይዝጋል፤ የዛገ ቸርኬ ደግሞ ከጎማው ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ንፋስ ያሾልካል። በጋ ሲመጣ ፀሐይ ተራዋን ይዛ የጎማውን ጎን ታሰነጣጥቃለች።

ብዙ ባለመኪና፣ ጎማው ሲነዳ በራሱ ይስተካከላል ይላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የቆመ ጎማ መጀመሪያ ላይ ዱብ ዱብ ይላል፣ መሪ ያንቀጠቅጣል፤ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ተነድቶ ሲሞቅ ግን ላስቲኩ ይለሰልስና ወደ ክብነቱ ይመለሳል። ንፋሱ አንሶ ለወራት የተጫነው ግን ሞቆም ላይመለስ ይችላል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ንፋሱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሞላል፤ አራቱም ጎማዎች ከውስጥም ከውጭም በኩል ስንጥቅ ወይም እብጠት ይኖርባቸው እንደሆነ ይታያሉ። ስንጥቅ ወይም እብጠት ያለው ጎማ ለሙከራም አይነዳም። ንጹሕ ከሆነ ለጥ ባለ አስፋልት በመጠነኛ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ያህል ይነዳል፤ ከቤት ገበያ ደርሶ መመለስ ጎማውን አያሞቀውም። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ከሄደ በማግስቱ መድገም ይጠቅማል። ካልቀነሰ ወደ ጎሚስታ መሄድ ይገባል፤ እዚህ ላይ ግን ገንዘብ የሚባክንበት ስሕተት አለ። ባላንስ ክብደትን ያስተካክላል እንጂ ክብ ያልሆነውን ክብ አያደርግም፤ ሁለት ጊዜ ባላንስ ተሠርቶ መሪው አሁንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ችግሩ ጎማው ነውና ይቀየር። ፍሬን ተይዞ በመንሸራተት የጠፈጠፈ ጎማም እንዲሁ ነው፤ የተላጠውን ላስቲክ የሚመልስ ሙቀት የለም።

መኪናውን በየሳምንቱ አስነሳዋለሁ የሚለው መልስ ለባትሪው ትንሽ ቢያግዝም ጎማውን አይመለከተውም፤ ሞተሩ ሲሠራ ጎማው ንቅንቅ አይልም፤ በብዙ ወረፋ የተገኘ ቤንዚንም ቆሞ ይቃጠላል። መንገዱ አያስኬድም የሚለው ግን ከባድ ተቃውሞ ነው፤ በወለጋ ለሚኖር ሰው ንዳ ብሎ መምከር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁንና ጎማውን ለማዳን መንገድ አያስፈልግም። በጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ በየሁለት ሳምንቱ መኪናውን ሩብ ዙር ያህል መግፋት ክብደቱ ሌላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ሁለት ጎረምሶች በሜዳማ ግቢ ውስጥ ይገፉታል፤ ሾፌር መሪው ላይ ይቀመጥ እንጂ ነዳጅ አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አውሮፕላኖችን በየአገሩ መሬት ላይ ሲያስቀር፣ የአየር መንገድ ቴክኒሻኖች በየጊዜው ከሚሠሩት የጥበቃ ሥራ አንዱ የቆሙትን አውሮፕላኖች ጎማ ማዞር ነበር። ይህ የተደረገው አውሮፕላኖቹ በማይበሩበት ጊዜ ነው። ንፋስ መጨመርስ አያፈነዳም ወይ ለሚለው፣ ከመቆሙ በፊት ከተለመደው ጥቂት ፒኤስአይ መጨመር ጉዳት የለውም፤ በጎማው ጎን ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ እንዳያልፍና ጉዞ ሲጀመር ወደ ትክክለኛው እንዲመለስ ብቻ ያስፈልጋል።

መኪናውን አንሥቶ በድጋፍ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል የሚሉም አሉ። ለብዙ ወራት ለሚቆም መኪና ትክክል ናቸው፤ ክብደት የሌለበት ጎማ አይጠፈጥፍም። አሠራሩ ግን ያሳስበኛል። ክሪክ ለማንሣት የተሠራ እንጂ ለወራት ለመሸከም የተሠራ አይደለም፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ደግሞ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ በብሎኬት ላይ የተንጠለጠለ መኪና ከጠፈጠፈ ጎማ የባሰ አደጋ ነው። ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ወይም ወፍራም የእንጨት ታኮ በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ማግኘት ያልቻለ ሰው ንፋሱንና መግፋቱን ይያዝ፤ የተጫነ ዕቃ ካለም ያውርድ።

ስለ ጎማ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ዋጋውን ይጠይቅ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ጎማም የዚያው ዕዳ ተሸካሚ ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጃችን ያሉትን መኪናዎች ለረጅም ዓመታት ማቆየታችን አይቀርም። ጥርሱ ሙሉ ነው ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። በጎማው ጎን ላይ የሠፈሩት አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ካለ በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖር ከ10 ዓመት በኋላ ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ። የቆመ መኪና ጥርሱን ሳይጨርስ ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ያንን ጎማ አምኖ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ነቀምቴ ወደ ሞቃቱ ዴዴሳ ሸለቆ ቁልቁል መንዳት በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

የግል ባለቤት የሚያባክነው ገንዘብ የራሱ ነው። ይበልጥ የሚከብደኝ የሕዝብ መኪና ነው። በየወረዳው መሥሪያ ቤት የመለዋወጫ ወይም የነዳጅ በጀት እየጠበቀ የቆመ ፒክአፕ፣ በየጤና ጣቢያው ጥሪ የሚጠብቅ አምቡላንስ አለ። አምቡላንስ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚውል፣ ሲፈለግ ግን ወዲያው መሮጥ ያለበት መኪና ነው። ምጥ የያዛት እናት በተሰነጠቀ ጎማ እየተንቀጠቀጠች ሆስፒታል መድረስ የለባትም፤ ጎማው መንገድ ላይ ቢፈነዳና ስኮርታውም ንፋስ የሌለው ሆኖ ቢገኝ በምን ቃል ማስረዳት ይቻላል? በዓመት አንድ ቀን የሚደረገው የቦሎ ምርመራ ይህን አይደርስበትም፤ ጉዳቱ የሚፈጠረው በቀሩት ወራት ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሚካሄደው የንብረት ቆጠራም የሰሌዳ ቁጥር መዝግቦ ባይቆም፣ የእያንዳንዱን ጎማ የንፋስ ልክ፣ የተሠራበትን ጊዜና መኪናው ለመጨረሻ ጊዜ የተንቀሳቀሰበትን ቀን ቢጠይቅ፣ ቁልፍ ያዡ ዓመቱን ሙሉ ጎማውን እንዲያይ ይገደዳል። እያንዳንዱ ዞን ይህን ለመጀመር ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ የንፋስ መለኪያ፣ አንድ የእግር ፓምፕና በደብዳቤ የተመደበ አንድ ኃላፊ ይበቃዋል።