ዕቅድ ከዕቃ ይቅደም

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲባል ወሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ዘመን ዜማዎች የሰፈሩባቸው ካሴቶች በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት እየተበላሹ፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ሄዷል።

ለትርፍ ያልቆመ የኪነት ማኅበር ትንሽ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ መጀመሪያ የሚያምረው ኮምፒዩተር መግዛት ነው። እኛ ግን ከዕቃው በፊት ዕቅዱ ይጻፍ እንላለን። ምን ይቀዳል? ማን ይይዘዋል? መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? ሲበላሽ በየትኛው በጀት ይጠገናል? ቅጂውስ የት ይቀመጣል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ኮምቦልቻም በዚያው ሰሞን ተይዛ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ፒያሳ ቢቀመጥ፣ ሁለተኛው ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው ግን ከወሎ ውጭ ሊኖር ይገባል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ከእኛ ዕውቀት በላይ አይደለም። መምህራን ይምሩን፤ እኛም በዕረፍታችን እንሥራ። የዘፋኙና የመሲንቆ መቺው ስም፣ ቦታውና ዘመኑም አብሮ ይጻፍ። ኮምፒዩተር ለከርሞም ይገዛል፤ ድምፁ የማን እንደ ሆነ የሚነግሩን አዛውንቶች ግን ለከርሞ ላይገኙ ይችላሉ።