በአዋጅ የማይሻሻለው ሕግ

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። ስለ ፊዚክስ ትምህርት ልጽፍ ስነሳ «አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የኒውተን ሕግ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ፖሊሲም ነውና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተሩን ጨርሶ ለዕረፍት ሲመጣ የፊዚክስ ሞጁሉን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ይቺ ዲኤክስ በዲቲ የምትባለው ምንድን ናት?» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከ50 በመቶ በላይ አምጥቶ ያለፈ ነው። ይህንን ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ልብ ይሏል። በዚህ ወንፊት ያለፈው ልጅ እንዲህ ከተደናገረ ችግሩ ከልጁ ላይ ነው ማለት ይቻላልን?

ለመሆኑ ዲኤክስ በዲቲ ምንድን ናት? ከረጅም ሕንፃ አናት ላይ ድንጋይ ለቀቅን እንበል። የመሬትን ስበት በደምሳሳው 10 ብለን ብንወስድ ድንጋዩ በ2 ሰከንድ 20 ሜትር፣ በ3 ሰከንድ 45 ሜትር ይወርዳል። በመካከሉ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሜትር ነው ማለት ነው። ግን ልክ 2ኛው ሰከንድ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነበር? ጊዜውን እናጥብበው። ከ2 እስከ 2.1 ሰከንድ ያለውን ብናሰላ 20.5፣ ከ2 እስከ 2.01 ያለውን ብናሰላ ደግሞ 20.05 እናገኛለን። ባጠበብን ቁጥር ወደ 20 እንጠጋለን። ዲኤክስ በዲቲ ይህችው የምንጠጋት ቁጥር ናት። ብዙዎችን የሚያስፈራው ካልኩለስም መነሻው ይኸው ነው።

ይህንን በወረቀት ላይ ሳሳየው «በቃ፣ ይቺው ናት?» አለኝ። 12ኛ ክፍል ላይ የሸመደደው «ፓወሩን ታወርዳለህ፣ ከዚያ አንድ ትቀንሳለህ» የሚለውን ብቻ ነበር። በእርሱ ግቢ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተሰጠው የሒሳብ ኮርስ ስለ ሎጂክ፣ ስለ ሴትና ስለ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ነው። ካልኩለሱ የሚመጣው በቀጣዩ ሴሚስተር ነው። ፊዚክሱ ግን ገና ከጅምሩ በካልኩለስ ይናገራል። መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያ ማቆም ማለት ይህ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናይ፣ በ1996 ዓ.ም አካባቢ የፍሬሽማን ዓመት ቀርቶ ሥራው ለመሰናዶ ትምህርት ቤቶች ተሰጠ። ትምህርት ቤቶቹ ግን ለዚያ የሚበቃ መምህርም ላብራቶሪም በአብዛኛው አልነበራቸውም። በ2000 ዓ.ም ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ተወሰነ። በ2012 ዓ.ም ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው አይደል?

የዓላማውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ አገር ያለ መሐንዲስ አትገነባም። ይሁን እንጂ ኮታ የሚወስነው ስንት ተማሪ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ እንጂ ስንቱ እንደሚገባው አይደለም። እኛ የሕግ ሰዎች የለመድነው በአዋጅ የሚሻሻል ሕግ ነው። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሁለተኛ ሕግ ግን ሰርኩላርም ሆነ መመሪያ አያሻሽለውም።

በሌላ በኩል ችግሩ የእኛ ብቻ ነው ማለት ስህተት ነው። ሪቻርድ ሄክ የተባሉ አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ6,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን በ62 የመግቢያ ፊዚክስ ኮርሶች መርምረዋል። ኮርሱ ሲጀመርና ሲያልቅ በተሰጡ የመረዳት ፈተናዎች፣ ሌክቸር ብቻ ያዳመጡት በአማካይ ሊያሻሽሉት ይችሉ ከነበረው ሩብ ያህሉን እንኳ አላሻሻሉም። ክፍል ውስጥ እየተጠየቁና እየተከራከሩ የተማሩት ግን ግማሽ ያህሉን አሻሽለዋል። እኛም ሕግን የተማርነው በክርክር ነው፤ አንቀጽ የሸመደደ ሁሉ ጠበቃ አይሆንም።

በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። አንደኛ፣ የካልኩለስ መነሻ ከፊዚክሱ ይቅደም፣ ካልሆነም አብሮ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች በትናንሽ ቡድን ሆነው ጥያቄ የሚሠሩበትና የሚከራከሩበት ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ ይያዝ፤ በሚያውቁት ቋንቋ መጠያየቅም እንደ ነውር አይታይ። ሦስተኛ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች በብዛት ሲወድቁ ልጆቹን ከማባረር በፊት ኮርሱ ይመርመር።

የእህቴ ልጅ ወደ ግቢው ሲመለስ ድንጋዩን ያወረድንበትን ወረቀት አጥፎ ሞጁሉ ውስጥ ከተተው። «ለዶርም ልጆች አሳያቸዋለሁ» አለኝ። ደስ ብሎኛል። ግን ፊዚክስ ለማስረዳት አንድ የሕግ ሰው ካስፈለገ፣ የሚመለከታቸው ክፍሎች ቆም ብለው ማሰብ ያለባቸው ይመስለኛል።