ቀጥቃጩም የኬሚስትሪ መምህር ነው

ከዘንገና እስከ ዳንግላ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልሟገታችሁ። «ቤተ ሙከራ ስለሌለን ኬሚስትሪን በቃል ብቻ ነው የምናስተምረው» የሚለው ነገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሰበብ ነው።

እውነቱን ላስቀድም። ዕቃ የለም፣ ኬሚካል የለም። ተማሪው «ሶዲየም ቢጫ፣ መዳብ አረንጓዴ፣ ፖታሲየም ሐምራዊ» ብሎ ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ነበልባሉን ግን አንድም ቀን አላየም።

ሰበቡ ደግሞ ይኸውላችሁ። ወናፍ እየነፋ ማረሻ የሚያሾል ብረት ቀጥቃጭ አለን። ከሰሉም ከዚሁ ከአዊ ዲከረንስ የሚከስል ነው። ይህ ሰው ቴርሞሜትር የለውም፤ ሙቀቱን የሚለካው በዓይኑ ነው። ብረቱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሷል፤ ብርቱካናማ ሲሆን 900ን አልፏል፤ ወደ ቢጫ ሲሄድ 1100 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ቀለም የብረት ብቻ አይደለም፤ ሸክላም በዚያው ሙቀት ቢግል እንደዚያው ይቀላል። የሶዲየም ቢጫ ግን የራሱ የሶዲየም መታወቂያ ነው። ነበልባል ላይ ትንሽ ጨው በትኑ፣ ታዩታላችሁ። ሁለቱን የለየ ተማሪ የኮከብ ሙቀትም ሆነ ኮከቡ የተሠራበት ነገር በብርሃኑ እንዴት እንደሚታወቅ ገባው ማለት ነው።

ሙቀት መቀበልስ? አንድ ኪሎ ብረትን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 450 ጁል ገደማ ይበቃል። አሉሚኒየም 900፣ ውኃ ደግሞ 4200 ያህል ይፈልጋል። የጋለው ማረሻ ባልዲ ውኃ ውስጥ ሲነከር ማረሻው ቀዝቅዞ ውኃው ለብ ብቻ የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ተማሪ ይዘን አንሄድም? የሚመረኝ እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ንቀት ነው። ማረሻውን እንፈልጋለን፣ ሰውየውን «ቡዳ» እንላለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን አልሞተም። የቀጥቃጭ ልጅ አንገቱን ደፍቶ የሚማረው ምዕራፍ የአባቱ ሙያ ነው እኮ!

መምህር የሆናችሁ፣ ልመናዬ ቀላል ነች። በሴሚስተር አንድ ቀን ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ባለሙያውን «ጋሼ» ብለው ይጠይቁት፣ እናንተም ላጠፋው ጊዜ ክፈሉት። ያ ልጅ ያን ዕለት ቀና ይላል።

እናንተ ጋ የሞከረ አለ? እስቲ ጻፉልኝ።