በሁለት ቢላዋ የበላው ማን ነው?

ሻዕቢያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመን መውረሩ እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊት እሱና ኢሕአዴግ በብርና በናቅፋ፣ በንግድና በአሰብ ወደብ ተናክሰው አልነበረም እንዴ? የጓዳ ጠባቸውን «ሉዓላዊነት» ብለው አደባባይ አወጡት!

ገበያው የደራው ለሌላ ነው። ሩሲያ ለአዲስ አበባ ሱኮይ 27፣ ለአስመራ ሚግ 29 ሸጠች። የካቲት 1991 ዓ.ም. የአንድ አገር ሥሪቶች በሰማያችን ተታኮሱ፤ ነጋዴው ግን ከሁለቱም ሒሳቡን ተቀበለ። የጸጥታው ምክር ቤት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ የጣለው ግንቦት 1992 ዓ.ም. ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

በዚያው ዓመት ወላይታ ተርቦ ነበር። የበዴሳ ገበሬ የእርዳታ ስንዴ ሲጠብቅ፣ ለጦር አውሮፕላን የሚከፈል ዶላር ግን አልጠፋም።

በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። ሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ፈረደ። ታዲያ እናቶቻችን ልጆቻቸውን የገበሩት ለምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ነገም ነጋሪት ሲጎሰም ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ወንበሩ የሚጸናለት ማን ነው? መሣሪያውንስ የሚሸጠው? መልሱን ሳታገኙ ልጅ አትሸኙ!