ጧሪው ሲያረጅ

ልጅ ወላጁን በእርጅናው ዘመን ይጦራል፣ ሲሞትም ይቀብራል ተብሎ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ይታሰባል። ጧሪ ቀባሪ የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ ነው። ዳሩ ግን በጎንደር ከተማም ሆነ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ ይህ ሥርዓት የተገለበጠባቸው ቤቶች አሉ። ሰባ ዓመት ያለፋት እናት አርባ ዓመት የሞላውን ልጇን ታጥባለች፤ ታጎርሳለች፤ ሌሊትም በሩን ከፍቶ እንዳይወጣ በንቃት ታድራለች። ቋንቋችን ወላጁን ለሚጦር ልጅ ስም ሲኖረው፣ በስተርጅናዋ ልጇን ለምትጦር እናት ግን ስም አላወጣላትም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ከአእምሮ ሕመም የተለየ ነው። ሕመም በሕክምና ሊሻል ይችላል፤ ይህ ግን ከልደት ወይም ከልጅነት ጀምሮ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው። ልጁን ወደ ጠበል መውሰድ የእምነት ሥራ ነውና አንነቅፈውም፤ ነገ እናቲቱ ብትሞት ማን ያጥበዋል ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። ጥያቄውም እየከበደ የመጣ ነው። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው በአማካይ 12 ዓመት ያህል ብቻ ይኖር ነበር፤ ዛሬ 60 ዓመት ገደማ ይደርሳል። በእኛም አገር ክትባትና መድኃኒት ከተስፋፋ ወዲህ፣ ቀድሞ በሕፃንነቱ ይቀጠፍ የነበረው ዛሬ አድጎ ወላጁን ለመቅበር ይበቃል።

ብዙ እናቶች በስውር፣ «ከእኔ አስቀድመህ ውሰድልኝ» እያሉ ይለምናሉ። ይህን የሰማ አይፍረድባቸው። ልጃቸውን የሚረከብ ሰው ባያዩ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዝዛል። አሮጊቲቱና ልጇ በአንድ ዐረፍተ ነገር ገብተዋል ማለት ነው፤ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ግን ከደባርቅ ገጠር ሲያዩት ሩቅ ነው። ልጁም 18 ዓመት ሲሞላው የወላጅ ሞግዚትነት ያበቃል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ስለ እርሱ የምትፈርመው በልማድ እንጂ በሕግ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 351 ጀምሮ ፍርድ ቤት እንዲህ ላለው ሰው ሞግዚት የሚሾምበትን መንገድ ያሳያል። ይህ መንገድ ልጁ ራሱ ሊወስን ከሚችለው ብዙውን ስለሚወስድበት፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ካጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ጋር አይስማማም የሚሉ አሉ፤ እኛም እውነት አላቸው እንላለን። ነገር ግን ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከእህሉ ግማሹን ስታገኝ የኖረች ባልቴት ስታርፍ፣ ተሟጋች የሌለው ልጅ ድርሻውን ማን ይጠይቅለታል?

በአዲስ አበባ መቄዶንያ የወደቁትን ማንሣቱ የተመሰገነ ነው። ሆኖም የገዛ ምድጃውንና የሰፈሩን ደወል ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሳይወድቅ በቤቱ ቢኖር ይሻለዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራ፣ ሠራተኞች ወደየቤቱ እየሄዱ ቤተሰብን ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል። መልበስንና መታጠብን በትዕግሥት የተማረ ሰው ተረካቢው አይሸሸውም።

ተረካቢው ማን ይሁን የሚለው ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። በዚያም ወንድሞች አንገታቸውን ይደፉና ሸክሙ ባላገባችው እኅት ላይ ይወድቃል። ይህን ፍትሕ ነው አንልም። እናቲቱ በሕይወት ሳለች፣ የንስሐ አባት ባሉበት ልጆቿ ሁሉ ተቀምጠው ማን እንደሚያሳድረው፣ ማን በገንዘብ እንደሚረዳ ይነጋገሩ። ልጁም በሚገባው ቃል ይጠየቅ። ተረካቢውም ከአሁኑ በወር ሁለት ሌሊት እዚያው እየመጣ ይደር፤ ልጁ ነጎድጓድ ሲሰማ ወዴት እንደሚሸሸግ፣ ከማን እጅ እንደሚጎርስ፣ ሆዱን ሲያመው እንዴት እንደሚያመለክት የምታውቀው እናቲቱ ብቻ ናትና። የሰንበቴ ማኅበርተኞችም እሑድ እሑድ በየተራ አንድ ሰው ልከው ልጁን ቢጠብቁላት፣ ለዓመታት ከደጅ ስትሳለም የኖረችው እናት ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ልትቆም ትችላለች።